የተውሶ ሱፍ

የሥራ ዘመኔን በሙሉ በመንግሥት ደመወዝ ቀልድ ስመረምር ኖሬ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣሁ። መደቤ የሥነ ጽሑፍና ቴአትር ባለሙያ ይባላል። ጎረቤቶቼ ሥራዬን ሲጠይቁኝ ግን "ሰው የሚስቅበትን ነገር ቀድሜ አነባለሁ" ነበር መልሴ። ደመወዙን አትጠይቁኝ፤ እሱም ሳያስቅ አይቀርም። መቀመጫዬ ነቀምት ነበር። ከዚያ እየተነሳሁ በወለጋ ከተሞች የወጣት ቴአትር ክበባትን አሠለጥናለሁ፣ ደራሲዎች የሚያመጡትን አጭር ልብ ወለድና ተውኔት አነባለሁ፣ ለመድረክ የሚሆነውን ከማይሆነው እለያለሁ።

በእኛ አገር ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ዞሮ ዞሮ ሁለት ሰዎች ጋ መድረሱ አይቀርም። አንዱ ወንበር ያለው ሰው ነው፣ ሌላው ደግሞ እግዚአብሔር አናገረኝ የሚል ሰው። ሁለቱ በተገናኙበት ገጽ ላይ ቀልዱ ሳይጠሩት ይመጣል። ችግሩ ቴአትሩ የታየ ቀን ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡትም እነዚሁ ሁለቱ መሆናቸው ነው። እኔን የቀጠሩኝ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ሥራውን ያስተማሩኝ ኦቦ ዋቅጅራ ናቸው። የክፍላችን ኃላፊ ነበሩ፤ በወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ። እኔ አባቱ ከጎጃም ለንግድ መጥቶ ነቀምት የቀረ የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን በሰባኪዎች የሚቀልድ ድርሰት መጣና እስክሪብቶ አንስቼ ላርም ስል ኦቦ ዋቅጅራ ከእጄ ወሰዱት።

"ይሄ የእኔ ቤት ነው፣ እኔ ልፈትሸው" አሉኝ። "ስለ ቄስ የተጻፈ ሲመጣ ያንተ ነው።"

"ለምን ኦቦ?"

"ሰው በሌላው ቤት ሲስቅ የት ላይ እንደሚያም አያውቅም። በራሱ ቤት ሲሆን ግን የሚያመውንም ያውቃል፣ የሚገባውንም ያውቃል።"

አብረን እስከሠራን ድረስ ይህን ደንብ አላፈረስነውም። ብዙ ጊዜ የሚገርመኝ እሳቸው በነቢያት ላይ የተጻፈውን ቀልድ ከእኔ ይልቅ ደፍረው ማሳለፋቸው ነው፤ እኔም ለደብተራና ለባሕታዊ ያን ያህል አልራራም ነበር። የሌላውን ቤት ብንይዝ ኖሮ ሁለታችንም ይሉኝታ ይዞን ግማሹን እንቆርጠው ነበር።

ሁለተኛው ልማዳቸው የገብስ ቆሎ ነው። ከኮታቸው ኪስ ቆሎ አይጠፋም። ድርሰት ሲያነቡ የሳቁበት መስመር ላይ አንድ ፍሬ ያስቀምጣሉ፣ ያልፋሉ። ጨርሰው ሲመለሱ እያንዳንዷን ፍሬ በጣታቸው ይዘው "ማን ላይ ነው የሳቅኩት?" ይላሉ። ሳቁ ሰውየው ላይ ከሆነ፣ ማለትም አረማመዱ ላይ፣ መንተባተቡ ላይ፣ ድህነቱ ላይ ከሆነ፣ መስመሩ ይሰረዛል፣ ፍሬዋም በመስኮት ለዶሮ ትጣላለች። ሳቁ ሰውየው ያደረገው ነገር ላይ ከሆነ መስመሩ ይቆያል፣ ፍሬዋን ይበሏታል። በአንድ ጥሩ ድርሰት ምሳቸውን በልተው የሚነሱ ይመስለኝ ነበር።

ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡ ልብ ወለዶችን ከየትም ፈልገው ያነቡ ነበር። ወደ ክበባቱ ስንሄድ ለወጣቶቹ በኦሮምኛ ይተርኩላቸዋል። በማናውቀው አገር ያለ ሹም ፓስተሩን በመኪናው ጭኖ ሲዞር፣ ፓስተሩ ደግሞ ለሹሙ ምርጫ ሲጾምለት፣ ከዚያ ሁለቱ ማን ማንን እንዳታለለ ሳይታወቅ ሲቀር። አንድ ቀን አኖ ከተማ ላይ ይህን የመሰለ ነገር ሲተርኩ ለወጣቶቹ በተሰናዳው ዝግጅት ላይ ገብተው የተቀመጡ አንድ አዛውንት እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጡና "ኦቦ ዋቅጅራ፣ ይሄ ሰውዬ የየትኛው ቀበሌ ነው?" ብለው ጠየቁ። ኦቦ ዋቅጅራ እስከ ነቀምት ድረስ አውቶቡስ ውስጥ ሲስቁ መጡ። ጥሩ ስላቅ ማለት ይሄ ነው አሉኝ፤ የሩቅ አገር ሰው ተጽፎ የቅርቡ ሰው የሚጠየቅበት።

ሌንሴን ያገኘናት በዚያ ዘመን ነው። ከነቀምት በስተ ደቡብ ባለች አንዲት ከተማ የቋንቋ አስተማሪ ነበረች። የከተማዋን ስም ልተወው፤ ብቻ አርጆ አይደለችም፣ አርጆዎች እንዳይቀየሙኝ። ቀጭን፣ ሲናገሯት ቀና ብላ የምታይ፣ በራሷ ቀልድ የማትስቅ ልጅ ናት። ያመጣችው አጭር ልብ ወለድ እንዲህ ነው። አንድ የወረዳ ሹም ነቢይ ቢሮው ያስጠራል። ነቢዩ ዐይኑን ጨፍኖ "ወንበርህ ሥር ሲሰድ አየሁ፤ የሚነቅለው የለም" ይለዋል። ሹሙ ደስ ብሎት ለነቢዩ የጸሎት ቤት መሥሪያ ቦታ ይመራለታል። ወሬውን የሰሙ አንድ ቄስም ሥር ለሰደደው ወንበር ውኃ ያስፈልገዋል ብለው ጠበል በጄሪካን አስጭነው ይመጣሉ። ብዙም ሳይቆይ ሹሙ ከሥልጣን ይነሳል። አዲስ ሹም ይመጣል። ነቢዩ ዐይኑን ይጨፍንና ያንኑ ቃል አንድም ሳያጎድል ይደግምለታል።

ኦቦ ዋቅጅራ የመጨረሻው መስመር ላይ ቆሎ ያስቀመጡት እየሳቁ ነው። ያቺን ፍሬ በልተው ሌላም ጨመሩባት። እኔ በድርሻዬ ቄሱ ጉልበታቸውን እያመማቸው ሲያነክሱ የሚለውን ቆረጥኩ፤ ጄሪካኑን ተውኩት።

የከተማዋ ቴአትር ክበብ ታሪኩን ወደ ተውኔት ሊለውጠው ፈለገ። ይሄኔ የጥንቃቄ ሥራ መጣ። የወረዳው አስተዳዳሪ ኦቦ ገመቹ ይባላሉ፤ ወፍራም ሰው ናቸው። ስለዚህ የመድረኩን ሹም ቀጭን አደረግነው። የእሳቸው ድምፅ ጎርናና ነው፤ ለእኛው ሰው ሰላላ ድምፅ ሰጠነው። የሹሙን ስም በየቀበሌው ጠይቀን በዚያ ስም የሚጠራ ሹም አለመኖሩን አረጋገጥን። ሌንሴ በዚህ ሁሉ ትዕግሥቷ እያለቀ "ጋሼ፣ እኔ እኮ ማንንም አስቤ አልጻፍኩም" ትለኝ ነበር። አምናታለሁ፣ ግን ተመልካቹ አስቦ ቢመጣስ እላታለሁ። ቃሉን በቃል ስፈትሽ ከረምኩ።

ቃል ያልሆነውን ነገር ረሳሁት። የእኛ ከተሞች ክበባት የመድረክ ልብስ የላቸውም፤ የሚለብሱት በተውሶ ነው። ልጆቹ ቤት ለቤት ዞረው ጋቢውን ከአንዱ፣ ቦቲውን ከሌላው ይለምናሉ። ያዋሰ ሰው በክብር ተጠርቶ ፊት ይቀመጣል፤ ልብሱ መድረክ ላይ ሲወጣ "የእኔ ነው" እያለ ጎረቤቱን በክርኑ ይጎሽማል። ለሹሙ ሱፍ ያስፈልግ ነበርና ልጆቹ ጥሩ ሱፍ ያለበትን ቤት አንኳኩ። የኦቦ ገመቹ ባለቤት አዴ ጫልቱ ግራጫውን ሙሉ ልብስ፣ ያንን ባለ ወርቃማ ትልልቅ ቁልፍ፣ ተኩሳ ሰጠቻቸው። ኦቦ ገመቹ በየስብሰባውና በየበዓሉ የሚለብሱት፣ ከተማው ከሩቅ የሚያውቀው ሱፍ ነው። ለማን ተዋናይ እንደሚውል የጠየቀች፣ ልጆቹም የነገሯት አልመሰለኝም። ምርጥ ልብስ በማግኘታቸው ኮርተው ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። ቀጭኑ ተዋናይ በወፍራም ሰው ሱፍ ውስጥ ሆኖ ገባ። እጅጌው ጣቶቹን ውጧቸዋል፣ ሱሪው በገመድ ታስሯል። ከኋላ አንዲት ሴት "የኦቦ ገመቹ ሱፍ" አለች፤ ከዚያ የተነሳው ሳቅ እኔ ከፈተሽኳቸው ሳቆች አንዱም አልነበረም። የአዴ ጫልቱ ክርን ጎረቤቷን ሊጎሽም ተነስቶ እዚያው አየር ላይ ቀረ። ኦቦ ገመቹ ራሳቸው መጀመሪያ ላይ ፈገግ ብለው ነበር። ነቢዩ ገብቶ "ወንበርህ ሥር ሲሰድ አየሁ" ሲል ፈገግታው ጠፋ። ያንኑ ቃል ለአዲሱ ሹም ሲደግም ኦቦ ገመቹ ተነስተው ወጡ፤ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎቹም በሙሉ ተከተሏቸው። ተዋናዩ በዚያ ሱፍ ውስጥ ቆሞ ቀረ።

በማግሥቱ ስለ ሱፉ ይቅርታ ልጠይቅ ቢሯቸው ሄድኩ።

"ስለ ሱፍ ማን ጠየቀህ?" አሉኝና በሩን አሳዩኝ።

ክበቡ ተዘጋ። ሌንሴ መኪና ወደማይገባበት የገጠር ትምህርት ቤት ተዛወረች። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። አልቅሳ እንደነበር ፊቷ ያስታውቃል፣ እኔ ፊት ግን አላለቀሰችም።

"በቃኝ ጋሼ" አለችኝ። "ከእንግዲህ የምጽፈው የትምህርት ዕቅድ ብቻ ነው።"

ሥራ ላይ ብዙ ነገር ከሽፎብኛል፤ እንደዚህ ያንገበገበኝ የለም። ድርሰት ቢከሽፍ ሌላ ይጻፋል፤ ይህ ግን ጸሐፊዋን ይዞ የሄደ ክሽፈት ነው። ኦቦ ዋቅጅራ አልወቀሱኝም። "ቃሉን ፈተሽን፣ ልብሱን ሳንፈትሽ" አሉ፤ እኔ ግን በልቤ ያዝኩት። ከዚያ ወዲህ ልብስ ፈታሽ ሆንኩ። ጊምቢ ብሄድ ሻምቡ ብሄድ ከድርሰቱ በፊት የምጠይቀው "ይህ ጫማ የማን ነው? ይህን ባርኔጣ ማን ሰጣችሁ?" ሆነ። የኮት ቁልፍ እያገላበጥኩ አያለሁ። ልጆቹ ስመጣ "ልብስ ሰፊው መጣ" ይባባሉ ነበር፤ የማልሰማ ይመስላቸዋል።

ኦቦ ዋቅጅራ ጡረታ ሲወጡ የተተኩት አለቃ ሌላ ዓይነት ሰው ነበሩ። ክፉ አልነበሩም፣ ብቻ ይፈራሉ። በየድርሰቱ ላይ "ሹሙ ሾፌር ይሁን" ብለው ይመልሱልናል። በእሳቸው ጊዜ በልብ ወለድ ውስጥ ያለ ሹም ሁሉ ሾፌር ሆነ። ሾፌሩ ሕዝብ ሰብስቦ ንግግር ያደርጋል፣ ሾፌሩ መሬት ይመራል፣ ነቢዩም ለሾፌሩ መሪህ አይነቀልም ይለዋል። ተመልካቹ መቼም ገብቶታል። የተከፉት እውነተኞቹ ሾፌሮች ናቸው።

ቀጥሎ መንገድ የሚዘጋባቸው፣ ስልክ የሚጠፋባቸው ዓመታት መጡ። ሰዉ ከቤቱ ለመውጣት በሚፈራበት ሰሞን ማን ቴአትር ያያል። ስለ ሌንሴ ከዚያ ወገን የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ። አንዱ አግብታለች ይለኛል፣ ሌላው አላውቃትም ይለኛል። መኖሯን ሳላውቅ የቆየሁበትም ጊዜ አለ።

ጡረታዬ በተቃረበበት ወቅት፣ ነገሩም ረገብ ሲል፣ ቢሮዬ በር ላይ ቆማ አየኋት። ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። ከቦርሳዋ ወፍራም ጥራዝ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች።

"ትቼው ነበር" አለች። "ነቢዩ ግን አልተወኝም።"

ያው ታሪክ ነው፤ አሁን ረጅም ልብ ወለድ ሆኗል። ሹሞች ይለዋወጣሉ፣ ነቢዩ ያንኑ ቃል ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል፣ ቄሱም ከነጄሪካናቸው አሉ። ከተማ ውስጥ የአካባቢ ደራሲዎች ሥራቸውን የሚያነቡበት ዝግጅት ልናደርግ ነበርና እሷም እንድትገባ ፈለገች።

"በስሜ፣ በራሴ ድምፅ ማንበብ እፈልጋለሁ" አለችኝ። "ግን ጋሼ፣ አሁን ሁለት ልጆች አሉኝ። ሌላ ዝውውር አልችልም። እንደዚያኛው ከሆነ እውነትም ዳግመኛ አልጽፍም።"

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ማጋነን አይሆንም። ስሟን ከዝግጅቱ ብተው ለእኔ ይቀለኝ ነበር፤ ያለ ችግር ጡረታ መውጣት ነው የቀረኝ። በነጋታው ይዣት ኦቦ ዋቅጅራ ጋ ሄድኩ። በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር፣ ልጃቸው ቤት ነው ያሉት። ዐይናቸው ጠፍቷል።

"አካም ጅርቱ ኦቦ" ብላ ሰላምታ ሰጠቻቸው።

ድምፅዋን ለዩት። "ጄሪካኑስ ደህና ነው?" አሏት።

ሌንሴ አነበበች፣ እሳቸው ሰሙ። መስመር ላይ ማስቀመጥ ስለማይችሉ በሳቁ ቁጥር አንድ ፍሬ ከኪሳቸው ወደ ግራ መዳፋቸው ያሻግሩ ነበር። ለብዙ ቀናት ተመላለስን። የእኔንም ድርሻ አልረሱም፤ ቄሱ ጋ ሲደረስ "አለማየሁ፣ ቤትህ ነው" ይሉኛል። ጥቂት ፍሬዎች ለዶሮ ተጣሉ፣ ብዙዎቹ ተበሉ።

"እኔ ጨርሻለሁ" አሉ በመጨረሻ። "ልብሱን አንተ እይ።"

በዝግጅቱ ቀን ተዋናይ የለም፣ መጋረጃ የለም፣ የሚዋሱት ነገር የለም። ቢሆንም ሌንሴን በር ላይ አስቁሜ "ቀሚሱ የማን ነው?" አልኳት።

"የራሴ ነው ጋሼ" አለችኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት።

ኦቦ ዋቅጅራን ደግፌ ፊት አስቀመጥኳቸው። ሌንሴ ወደ ማንበቢያው ልትወጣ ስትል በሩ ተከፈተና ኦቦ ገመቹ ከአዴ ጫልቱ ጋር ገቡ። ከሥልጣን ከተነሱ ቆይተዋል፤ ነቀምት ውስጥ ወፍጮ ቤት ከፍተው እንደሚኖሩ እሰማ ነበር። ከስተዋል። የለበሱት ያንን ግራጫ ሱፍ ነው። እጅጌው ጣታቸው ድረስ ወርዷል፣ ትከሻው ተንጠልጥሏል። ያ ቀጭን ተዋናይ የገባ መሰለኝ። ሄጄ ኦቦ ዋቅጅራ ጎን ተቀመጥኩ።

"ማን መጣ?" አሉኝ።

"ሱፉ" አልኳቸው።

ኦቦ ገመቹ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሌንሴ አየቻቸው። ገጹን ገልጣ ሌላ ቦታ ልታነብ የምትችልበት ጊዜ ነበራት፤ አልገለጠችም። ነቢዩ ለመጀመሪያው ሹም የተናገረውን አነበበች። ሹሙ ተነሳ። አዲሱ መጣ። እዚያ ላይ ቀና ብላ "ወንበርህ ሥር ሲሰድ አየሁ፤ የሚነቅለው የለም" አለች።

አዳራሹ ውስጥ መጀመሪያ የሳቁት ኦቦ ገመቹ ናቸው። ለብቻቸው፣ ትከሻቸው እየተነቀነቀ፣ በዚያ ሰፊ እጅጌ ዐይናቸውን እየጠረጉ ሳቁ። ከዚያ ሌላው ሰው ሁሉ ተከተለ።

ሲያልቅ ወደ እሷ ሄዱ። እኔም ተጠጋሁ፤ ነገር ቢነሳ ልገባ ነው።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ማን ነገረሽ?" አሏት።

"ምኑን?"

"ነቢዩ ለእኔ ያለኝን። በር ዘግቶ ነው ያለኝ፣ ሁለታችን ብቻ ነበርን። እኔም እንዳንቺው ሹም ደስ ብሎኝ ነበር። ያን ቀን መድረክ ላይ ቃሉን ስሰማ ቢሮዬ ውስጥ ሰላይ አለ ብዬ ነው የተነሳሁት። ፈራሁ። ኋላ እኔ ወረድኩ። በእኔ ቦታ የተተካው ሰው አንድ ለቅሶ ቤት አግኝቶኝ ምን አለኝ? ነቢዩ ለእሱም ያንኑ ብሎታል። ማን ነገረሽ?"

"ማንም አልነገረኝም" አለች ሌንሴ። "ነቢይ ለሹም ሌላ ምን ሊለው ይችላል ብዬ ነው የጻፍኩት።"

"ያለ ጥፋትሽ ነው ያንገላታሁሽ" አሏት ኦቦ ገመቹ።

"መንገዱ ሩቅ ነበር ኦቦ ገመቹ።"

"አውቃለሁ።"

እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ፣ እሷም አልነጠቀቻቸውም።

እኔ ግን መታገሥ አልቻልኩም። "ሱፉስ?" አልኳቸው። "የሱፉ ነገርስ ኦቦ?"

የለበሱትን ዝቅ ብለው አዩ። "ሱፉ ምን ሆነ? ሹም ሆኖ ለሚጫወት ልጅ ነው ሲሉኝ ለጫልቱ ስጫቸው ያልኳት እኔ ነኝ። እኔን ሲያስመስሉኝ ለማየት ነው ደስ ብሎኝ የመጣሁት።"

አዴ ጫልቱ ክርኗን ሰንዝራ ጎኔን ጎሸመችኝ።

ኦቦ ዋቅጅራን ወደ ቤታቸው ስወስድ ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። መንገድ ላይ ቆመው፣ ክንዴን ተደግፈው፣ ሰው እስኪያየን ድረስ ሳቁ። በወለጋ ከተሞች ሁሉ ስንት ቁልፍ እንዳገላበጥኩ ጠየቁኝ፣ እንደገና ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የኖረ ነገር ተነስቶ ሲሄድ ይታወቀኝ ነበር። ሌንሴ ከኋላችን ከልጆቿ ጋር በስልክ እያወራች፣ ሁለተኛውን መጽሐፍ መቼ እንደምትጀምር እየነገረቻቸው ትመጣለች።

ኦቦ ዋቅጅራ ኪሳቸውን ዳብሰው አንድ ፍሬ ቆሎ መዳፌ ላይ አኖሩ።

"ማን ላይ ነው የሳቅኩት?" አሉኝ።

"እኔ ላይ ነዋ።"

"አይደለም፣ ያደረግኸው ነገር ላይ ነው" አሉ። "ብላው።"

በላሁት።